የቃል መድረሻ፦ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌና ተመሳሳይ መድረሻ ያላቸው የእንግሊዝኛ ቃላት በአማርኛ

ይህ አጭር ጽሑፍ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን ሕይወት በአንድ ጠባብ ጥያቄ በኩል ይመለከታል። በ-ሎጂ፣ በ-ኢዝም፣ በ-ሽን የሚጨርሱ የእንግሊዝኛ ቃላት ብዙ ናቸው፤ በየረድፉ ያሉት አንድ መድረሻ ስላላቸው ትርጉማቸውም በከፊል አንድ ነው። እነዚህ ቃላት ወደ አማርኛ ሲመጡ ያንን የጋራ ትርጉም የሚሸከመው የትኛው የቃሉ ክፍል ነው? አለቃ ኪዳነ ወልድ የታወቁት በግእዝ መዝገበ ቃላታቸው እንጂ በእንግሊዝኛ አይደለም። ይሁን እንጂ ለእንግሊዝኛው መድረሻ አቻ ስንፈልግ የምናነሣቸው ሥነ፣ -ዊ፣ -ና እና መሰሎቻቸው ከየት እንደ መጡና እስከ ምን ድረስ እንደሚያገለግሉ ለመመርመር የምንመለሰው ወደ እርሳቸው መጽሐፍ ነው። ስለ አለቃ የሚጻፉ ጽሑፎች በአብዛኛው የቤተ ክርስቲያን ሊቅነታቸውን ያጐላሉ። በእኔ አመለካከት ግን የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪ በመጀመሪያ ሊያያቸው የሚገባው የቃልን አካል ከፋፍለው ያሳዩ የሥነ ቃል ምዕላድ ሊቅ አድርጎ ነው።

ችግሩ ሩቅ አይደለም። መገናኛ አደባባይ ላይ ቆሞ በዙሪያው ያሉትን ሕንፃዎች ሰሌዳ የሚያነብ ሰው ራዲዮሎጂ፣ ደርማቶሎጂ፣ ቴክኖሎጂ፣ ዴኮሬሽን፣ ኮንስትራክሽን የሚሉ ቃላትን በግእዝ ፊደል ተጽፈው ያገኛል። ፊደሉ የእኛ ነው፤ የቃሉ መገጣጠሚያ ግን ለአብዛኛው አንባቢ ዝግ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ የሚከታተል ተማሪ -ሎጂ ራሱን የቻለ ትርጉም እንዳለው ካልተነገረው ባዮሎጂን፣ ጂኦሎጂንና ሳይኮሎጂን እንደ ሦስት የማይዛመዱ ቃላት ለየብቻ ይሸመድዳል። ለአንድ ትርጉም ሦስት ጊዜ ይደክማል ማለት ነው። ድካሙ እስከ ድኅረ ምረቃ እንደሚዘልቅ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ሁሉ ያውቀዋል።

አለቃ ኪዳነ ወልድ በሸዋ በ1860ዎቹ ተወለዱ። ትምህርታቸውን የጀመሩት እንደ ዘመናቸው ሊቃውንት ሁሉ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነው። የግእዝ ሰዋስው የሚማሩት በቅኔ ቤት በመሆኑ በዚያ ያለፈ ሰው የቃልን መድረሻ ሳያደምጥ አያልፍም፤ ስንኝ ከስንኝ የሚገጥመው በመድረሻው ነውና። የቅኔ ቤት ሰዋስው ለቃል ተቀጥላዎች የራሱ ስም አለው። ከግሱ ፊደላት በፊት የሚጨመረው ባዕድ፣ በኋላ የሚጨመረው ምዕላድ ይባላል። ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ቅድመ ቅጥያና ድኅረ ቅጥያ እያልን የምንማረው ነገር ለእነርሱ የወጣትነት ትምህርት ነበር።

በ1880ዎቹ መጀመሪያ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም የነገሡት በ1882 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ አለቃ ከአገር የወጡት የመንግሥቱ ማእከል ከእንጦጦ ኮረብታ ወደ ታች፣ ወደ አዲሱ ከተማ በሚወርድበት ዘመን ነበር። ከተማው ሲያድግ፣ በየካ በኩል ለብሪታንያ ሌጋሲዮን ሰፊ ቦታ ሲሰጥ፣ የምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ተከፍቶ የአውሮፓ ቋንቋዎች ሲሰጡበት እርሳቸው በኢየሩሳሌም ነበሩ። በዚያ ሠላሳ ዓመት ያህል ቆዩ።

የሕይወታቸውን አቅጣጫ የወሰነው በኢየሩሳሌም ያገኟቸው መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ በሮም ለኢጣልያዊው የቋንቋ ሊቅ ለኢግናጺዮ ጒይዲ አማርኛ ያስተማሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1901 ለታተመው የአማርኛና የኢጣልያንኛ መዝገበ ቃላትም እገዛ ያደረጉ ሰው ነበሩ። ስለዚህ የአውሮፓን የመዝገበ ቃላት አሠራር በቅርብ አይተዋል። በዚያን ጊዜ የግእዝን ቃላት ትርጉም በመዝገብ የሚፈልግ ሰው በላቲን የተጻፉትን የሉዶልፍንና የዲልማንን መጻሕፍት ይከፍታል፤ የዲልማን እ.ኤ.አ. በ1865 ታትሟል። ለአማርኛም ቢሆን አይዘንበርግ የተባለው ሚሲዮናዊ እ.ኤ.አ. በ1841 በለንደን ያሳተመው አማርኛ ከእንግሊዝኛ፣ እንግሊዝኛ ከአማርኛ የሚፈታ መዝገበ ቃላት ነበረ። የግእዝን ቃል ለኢትዮጵያዊ አንባቢ በአማርኛ የሚፈታ፣ በዚያ ስፋት የተዘጋጀ መጽሐፍ ግን አልነበረም። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ይህን ሥራ ጀመሩት፤ ሳይፈጽሙት ዐረፉ። ጅምሩ ለኪዳነ ወልድ ተላለፈ።

አለቃ የወረሱትን ጅምር እንዲሁ አልቀጠሉበትም። በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥን፣ የሱርስትንና የዐረብኛን ቋንቋ ዕውቀት አካበቱ፤ የግእዝንም ቃል ከእኅት ቋንቋዎቹ ጋር ማነጻጸር የሥራቸው ጠባይ ሆነ። በእነዚህ ቋንቋዎች ሁሉ የቃሉ ትርጉም የሚያርፈው በጥቂት ሥርወ ፊደላት ላይ ነው። በፊት፣ በመካከልና በኋላ የሚጨመረው ያንን መነሻ ትርጉም ይለዋውጠዋል እንጂ አያጠፋውም። ይህን የተረዳ ሰው መዝገበ ቃላትን በሌላ መንገድ ሊያዘጋጅ አይችልም፤ ቃላቱን በሥራቸው ሥር ይሰበስባል።

የአሠራሩን ትርጉም በምሳሌ ማየት ይሻላል። ቅዱስ፣ ቅድስት፣ ቅዳሴ፣ ቅድስና፣ መቅደስ የሚሉትን ቃላት የሚፈልግ ሰው ቀደሰ ወደሚለው ግስ ይሄዳል። መንግሥትን የሚሻ ነግሠን፣ ትምህርትን የሚሻ መሀረን ይከፍታል። ስለዚህ ፈላጊው ገጹን ከመግለጡ በፊት አንድ ሥራ ይሠራል፤ ባዕዱን ከፊት፣ ምዕላዱን ከኋላ ገፍፎ ሥሩን ያወጣል። ቅድስና ላይ -ናን፣ ቅድስት ላይ -ትን ካላወቀ ቃሉን አያገኘውም። መጽሐፉ አንባቢውን ሳይታወቀው ሰዋስው ያስተምረዋል ቢባል ስሕተት አይሆንም። ብዙ የዘመናችን ተማሪ መጽሐፉን ከፍቶ ቃሉን አጥቶ የሚዘጋውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ የመጽሐፉ ጉድለት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን መጽሐፉ ከተማሪው የሚጠይቀው ነገር የእንግሊዝኛ መምህሩም ሊጠይቀው ይገባው የነበረ ይመስለኛል።

ለንጽጽር ያህል የእንግሊዝን አንድ መዝገበ ቃላት ማንሣት ይጠቅማል። ጆን ዎከር (እ.ኤ.አ. 1732–1807) ተዋናይ የነበረ፣ በኋላም የንግግር ጥበብ መምህር የሆነ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1775 ባሳተመው መዝገበ ቃላት የእንግሊዝኛን ቃላት ያሰለፈው በመጀመሪያ ፊደላቸው ሳይሆን ከመጨረሻው ወደ ኋላ በመቍጠር ነበር። ዐላማው ቤት ለመምታት፣ ለአጻጻፍና ለአነባበብ እንዲረዳ ነው። ውጤቱ ግን ከዐላማው ሰፋ፤ በአንድ መድረሻ የሚጨርሱ ቃላት ጐን ለጐን ስለ ተሰበሰቡ የእንግሊዝኛን ቅጥያዎች አንድ በአንድ የሚያሳይ ሆነ። ዎከር መድረሻውን ይዞ ሥሩን በተነው፤ ኪዳነ ወልድ ሥሩን ይዘው መድረሻውን በተኑት። ሁለቱም ግን አንባቢያቸውን ወደ አንድ ትምህርት አደረሱት፤ ቃል መገጣጠሚያ ያለው አካል መሆኑን።

ሌላ የፊደል ጉዳይም አለ። አለቃ መዝገበ ቃላታቸውን ያዘጋጁት በተለመደው በሀለሐመ ተራ ሳይሆን በአበገደ ነው። ይህ ተራ የጥንቱ የሴማውያን ፊደል ተራ ሲሆን ዕብራይስጥና ሱርስት የሚሄዱበትም ነው። የላቲን ፊደል ተራ ከፊንቄ በግሪክ በኩል የመጣ በመሆኑ እንግሊዝኛውም ከዚያው ግንድ የወረደ ነው። ከሀለሐመ ጋር ያደገ አንባቢ በመጽሐፉ ገጾች መካከል መንከራተቱ አይቀርም፤ አለቃ ግን የእኅትማማቾቹን ቋንቋዎች ዝምድና ከምቾት አስቀደሙ።

ወደ አገራቸው የተመለሱት በ1910ዎቹ መጀመሪያ፣ በአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ዘመን ነው። የነቢዩ ሕዝቅኤልን መጽሐፍ ከነትርጓሜው አዘጋጅተው በ1916 ዓ.ም. አሳተሙ። ከዚያ በኋላ ያለው የሕይወታቸው ዘመን ከድሬዳዋ ጋር የተያያዘ ነው። ድሬዳዋ የባቡር ሐዲድ ከተማ ነበረች፤ የሐዲዱ ኩባንያ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። የቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤት የነበረውም በዚያ ነው። አንድ በጥንታዊ ግእዝ ላይ የተጠመደ ሊቅ እንዲህ ባለ ከተማ መኖሩ ለዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ልዩ ጥቅም አለው። የአውሮፓ መድረሻዎች በብዛት ወደ አማርኛ መግባት የጀመሩት በዚያ ዘመን፣ በፈረንሳይኛ በኩል ነውና። ሌጋሲዮንና ሚሲዮን የዚያ ዘመን ቃላት ናቸው፤ መድረሻቸው -ሲዮን ነው። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ እንግሊዝኛ የትምህርት ቤቱን መንበር ሲወርስ ይኸው መድረሻ በእንግሊዝኛ ድምፅ ተለውጦ -ሽን ሆነ፤ ኮሚሽን፣ ኮርፖሬሽን፣ ፌዴሬሽን እያለ ቀጠለ። ሚሲዮን ግን እንደ አሮጌ ሳንቲም እስከ ዛሬ በእጃችን ቀርቷል። ስለዚህ በአማርኛ ያሉትን የአውሮፓ ቃላት መድረሻ ብቻ አይቶ በየትኛው በር እንደ ገቡ መገመት ይቻላል።

በድሬዳዋ ከአለቃ ጋር የተገናኘው ወጣት ደስታ ተክለ ወልድ ነበር። በማተሚያ ቤቱ ይሠራ ነበር፤ የአለቃ ደቀ መዝሙርና ረዳት ሆነ። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ለኪዳነ ወልድ እንደ ሆኑለት ሁሉ ኪዳነ ወልድም ለደስታ ሆኑለት፤ ጅምር ሥራ አወረሱት። በመካከሉ ጦርነት መጣ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የጠላት ወረራ እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚታተምበት ጊዜ አልነበረም። ነጻነት ከተመለሰ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም. አለቃ ዐረፉ። የዕድሜ ልክ ድካማቸውን በታተመ መጽሐፍ መልክ አላዩትም።

መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ በአርቲስቲክ ማተሚያ ቤት የታተመው በ1948 ዓ.ም. ነው። ደራሲው ካረፉ 12 ዓመት ሆኖ ነበር። ደስታ ተክለ ወልድ የመምህራቸውን አደራ ጠብቀው፣ አሟልተውና አርመው ወደ 900 ገጽ የሚደርሰውን ጥራዝ ለኅትመት አበቁት። ሥራው በሦስት ትውልድ እጅ አልፏል፤ የጀመረው አንድ፣ ያሳደገው ሁለተኛ፣ ያሳተመው ሦስተኛ። በርእሱ ላይ ሰዋስው ከመዝገበ ቃላት መቅደሙም በከንቱ አይደለም፤ የቃሉን ፍች የሚሻ አስቀድሞ የቃሉን አሠራር እንዲማር ተደርጎ የተዘጋጀ ነው።

መጽሐፉ በታተመበት ዘመን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ተከፍቶ ነበር፤ የትምህርቱም ቋንቋ እንግሊዝኛ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡት ተርጓሚዎች፣ በ1964 ዓ.ም. የተቋቋመው የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚና ወራሹ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ጭምር፣ የሳይንስ ቃላትን ለማስገባት ሲነሡ የገጠማቸው ትልቁ ጥያቄ የመድረሻ ጥያቄ ነበር። ከሁሉ የበዛው -ሎጂ ነው።

እንግሊዝኛ -ሎጂን የወሰደው ሎጎስ ከሚለው የግሪክ ቃል ነው፤ ሎጎስ ቃል፣ ነገር፣ ንግግር ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ይህ ክፍል በቃሉ መጨረሻ ይቀመጣል። በአማርኛ የተገኘው መፍትሔ ግን ከግእዝ የተወረሰውን የዘርፍ አያያዝ በመከተል ወደ ፊት አመጣው፤ ሥነ ሕይወት፣ ሥነ ምድር፣ ሥነ ልቡና፣ ሥነ እንስሳት ተባለ። የእንግሊዝኛው ጅራት የአማርኛው ራስ ሆነ ማለት ነው። ሥነ ከየት መጣ ቢባል የአለቃ መንገድ ወዲያው ይመልሳል፤ ሥሩ ሠነየ ነው፣ አማረ፣ ተዋበ ማለት ነው፤ ሠናይም ከዚሁ ይወጣል። ሥን ውበት፣ ደም ግባት ነው። እንግዲህ ሥነ ሕይወት በቀጥታ ሲፈታ የሕይወት ውበት ይሆናል። ሥነ ፍጥረት በሚለው የቤተ ክርስቲያን አጠራር ይህ የውበት ትርጉም አሁንም ይሰማል። የፍጥረትን ማማርና ሥርዓት መመልከት ፍጥረትን ማጥናት ስለ ሆነ ቃሉ ቀስ በቀስ ከውበት ወደ ጥናት ተሻገረ።

ይህ ሽግግር የሚያምር ቢሆንም ዋጋ አስከፍሏል። ሥነ የ-ሎጂ ብቻ አቻ ሆኖ አልቀረም። ሥነ ልሳንና ሥነ ምግባር በእንግሊዝኛ በ-ሎጂ ሳይሆን በ-ኢክስ የሚጨርሱ ናቸው፤ ሥነ ጽሑፍ፣ ሥነ ጥበብ፣ ሥነ ሥርዓት ደግሞ በእንግሊዝኛ ምንም የጋራ መድረሻ የላቸውም። በሌላ በኩል በ-ሎጂ የሚጨርስ ሁሉ የጥናት ስም አይደለም፤ አፖሎጂ ይቅርታ መጠየቅ ነው፣ አናሎጂ ንጽጽር ነው፣ ትሪሎጂ ሦስት ተከታታይ ድርሰት ነው። መድረሻው አንድ ስለ ሆነ ብቻ በሥነ የሚተረጕም ሰው ይሳሳታል። እኔ እንደማየው ለ-ሎጂ የቀረበው አቻ ሥነ ሳይሆን ነገረ ነበር። ሎጎስ ነገር ነው፤ ነገረ መለኮት የሚለው ስያሜም ቴዎሎጂን ከሥሩ እስከ መድረሻው በልኩ የሚተካ ነው። ሊቃውንቱ ነገረ ማርያም፣ ነገረ ሃይማኖት እያሉ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። የሳይንስ ተርጓሚዎች ለምን ይህን መንገድ እንዳልመረጡ ራሱን የቻለ ጥናት የሚሻ ነው፤ ቃሉ የቤተ ክርስቲያን ሽታ ስላለው ይሆናል ብሎ መገመት ይቻላል። -ግራፊ ደግሞ በሌላ ዘርፍ ተተክቷል፤ ጂኦግራፊ መልክዐ ምድር ሲባል የምድር መልክ ወይም ሥዕል ማለት ነው። ግራፊ ከመጻፍና ከመሣል የወጣ በመሆኑ ይህ ከሁሉ የተዋጣ ትርጉም ነው ብል አላጋንንም።

-ኢዝም የተለየ ችግር አለው። አንዱን የእንግሊዝኛ መድረሻ አማርኛ ቢያንስ ለሁለት ከፍሎታል። በ1967 ዓ.ም. የታወጀው ኅብረተሰባዊነት በ-ዊ ላይ -ነት ጨምሮ የተሠራ ነው፤ -ዊ ከግእዝ የተወረሰ ምዕላድ ሲሆን ሰማያዊ፣ ምድራዊ፣ መንፈሳዊ የሚሉት ይዘውት ይገኛሉ። ናሽናሊዝም ግን ብሔርተኝነት፣ ሬሲዝም ዘረኝነት ተብሏል። -ዊነት ሐሳቡን ከሩቅ ይሰይማል፤ -ኝነት ደግሞ ሐሳቡን የያዘውን ሰው አስቀድሞ ያያል፣ ብዙ ጊዜም ይፈርድበታል። ብሔራዊነት እና ብሔርተኝነት በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ቢቀያየሩ ጸሐፊው የቆመበት ቦታ ይቀያየራል። እንግሊዝኛው ይህን ልዩነት በመድረሻው አያሳይም። የማኅበረሰብ ሳይንስ ተማሪ -ኢዝምን ሲተረጕም ሳያውቀው የፖለቲካ ውሳኔ ይወስናል። ቤተ ሙከራ የሌለው የቋንቋ ጥናት አደጋ አለው ቢባል አደጋው እዚህ ላይ ነው። ባፕቲዝምን ጥምቀት፣ ሩማቲዝምን ቁርጥማት ስንል ግን -ኢዝም ጨርሶ ይጠፋል፤ እነዚህን ሕዝቡ ከጥንት የሰየማቸው ስለ ሆኑ መድረሻ መተርጐም አላስፈለጋቸውም።

ተቃራኒውም አለ። የእንግሊዝኛ ካይንድነስ፣ ቻይልድሁድ፣ ፍሬንድሺፕ፣ ፍሪደም በአራት የተለያዩ መድረሻዎች ይጨርሳሉ፤ አማርኛ ደግነት፣ ልጅነት፣ ወዳጅነት፣ ነጻነት ብሎ አራቱንም ለ-ነት አስረክቧቸዋል። የግእዙ -ና በዚህ አልጠፋም። ቅድስናና ቅዱስነት ከአንድ ሥር ወጥተው በመድረሻቸው ብቻ ይለያያሉ፤ ቅዱስነታቸው ስንል ፓትርያርክን እንጠራለን፣ ቅድስናቸው ስንል ስለ ሕይወታቸው እንናገራለን።

-ሽን በተለይ የአለቃን መንገድ ትክክለኛነት ያሳያል። ኤዱኬሽን ትምህርት፣ ፕሬዲክሽን ትንቢት፣ ጄነሬሽን ትውልድ፣ ትራንስሌሽን ትርጉም ሲሆን በአማርኛው ውስጥ ለ-ሽን የቆመውን አንድ መድረሻ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ትርጉሙ በቃሉ ቅርጽ ውስጥ ተበትኗል፤ መሀረ ትምህርትን፣ ተነበየ ትንቢትን፣ ወለደ ትውልድን ሲያወጣ በፊት ት ይቆማል፣ በመካከል አናባቢው ይለወጣል፣ አንዳንዴም በመጨረሻ ሌላ ት ይጨመራል። በሥር የተዘጋጀ መዝገብ ይህን አንድ ላይ ያሳያል። በመጀመሪያ ፊደል የተሰለፈ መዝገብ ግን ትምህርትን ከመሀረ፣ ትውልድን ከወለደ ያራርቃል።

አለቃ በፊደል አጠቃቀም የነበራቸው ጥብቅነትም ከዚሁ የሚመነጭ ነው። ሀን ከሐና ከኀ፣ ሠን ከሰ፣ ዐን ከአ፣ ፀን ከጸ ሳይለዩ መጻፍን አልተቀበሉም፤ አማርኛን እንኳ ዐማርኛ ብለው ነው የጻፉት። ለዘመናዊ ጆሮ ይህ አስቸጋሪ ይመስላል። ነገር ግን ሠረቀ ወጣ ማለት ነው፣ ምሥራቅም ከእርሱ ነው፤ ሰረቀ ደግሞ የሌባ ሥራ ነው። ፊደሉ ሲደባለቅ ሥሩ ይደባለቃል። የእንግሊዝኛ ተማሪ -ሽን የሚለውን አንድ ድምፅ አንዴ በቲ፣ አንዴ በኤስ መጻፍ ሲያቅተው የሚገጥመው ችግር የዚሁ ወንድም ነው፤ በዚያም ፊደሉን የሚወስነው ቃሉ የመጣበት የላቲን ግስ እንጂ ድምፁ አይደለም። የእንግሊዝኛን አስቸጋሪ አጻጻፍ እንደ ሥልጣኔ ምልክት ተቀብሎ የግእዙን እንደ ኋላ ቀርነት የሚቈጥር አንባቢ ሁለቱን በአንድ ሚዛን ቢመዝን መልካም ነበር።

የሥር መንገድ ሁሉን አይፈታም። አማርኛ ከግእዝ ያልወረሳቸው የራሱ መድረሻዎች አሉት፤ በእነዚህም ላይ ዐይን ይታለላል። ፈረሰኛ፣ ሁለተኛ፣ እንግሊዝኛ የሚሉት ሦስቱም በ-ኛ ይጨርሳሉ፤ የመጀመሪያው ባለሙያን፣ ሁለተኛው ተራን፣ ሦስተኛው ቋንቋን ያመለክታል። መገናኛም በኛ ይጨርሳል፤ እርሱ ግን ከሦስቱ አንዱንም አይደለም። ተገናኘ ከሚለው ግስ፣ የቦታና የመሣሪያ ስም በሚያወጣው -ያ የተሠራ ነው፤ -ያ ከኘ ጋር ሲገናኝ ተውጦ ቀርቷል። ጠረገ መጥረጊያ ሲል -ያ በግልጽ ይታያል፤ ከፈተ መክፈቻ፣ ወረደ መውረጃ፣ ተቀመጠ መቀመጫ፣ መዘነ መመዘኛ ሲል ግን የግሱን መጨረሻ ፊደል ለውጦ ራሱ ይሰወራል። ግእዝ መቅደስና ምሥራቅ ብሎ ያለ -ያ ስለሚያበቃ ለዚህ ዐይነቱ ነገር የግእዝ መዝገብ ብቻውን አይበቃም። አማርኛውን ለብቻው የሚዘረዝር መዝገብ ያስፈልግ ነበር።

ያንን የሠሩት ደቀ መዝሙሩ ናቸው። ደስታ ተክለ ወልድ የመምህራቸውን መጽሐፍ ካሳተሙ ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ1962 ዓ.ም. ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላትን አወጡ። ተራው አሁንም አበገደ ነው። በዚህ ጽሑፍ ደጋግመን የጠራነው መድረሻ የሚለው ቃል ራሱ -ያን በሻ ውስጥ የሰወረ ነው፤ በአለቃ መንገድ የሚፈልገው ሰው ከፊቱ መን፣ ከኋላው -ያን አንሥቶ፣ ሻን ወደ ሰ መልሶ ደረሰ ላይ ይደርሳል። ደ በአበገደ ተራ አራተኛው ፊደል ነው፤ በእንግሊዝኛውም ዲ አራተኛ ነው።